ባትሪ የማይሞላው ዲናሞ፤ የአጎቴ ሃይሉክስ የጥገና ማስታወሻ

ሰኞ ማታ

አጎቴ ከሮብ ገበያ ድንች ጭኖ ደብረ ማርቆስ ገባ። መኪናዋን ግቢያችን አቆመና «ነገ ባትሪ እንገዛለን፤ ይሄኛው አብቅቶለታል» አለኝ። ጠዋት ተገፍታ ነው የተነሳችው። ከተማ ውስጥ ያየለት ሰው ኮፈኑን ከፍቶ ሳይለካ «ባትሪው ነው» ብሎታል።

መኪናዋ አሮጌ ቶዮታ ሃይሉክስ ናት፤ ባለ 3ኤል ናፍጣ ሞተር። ክሩስኮቱ ላይ ያለችውን ቀይ የባትሪ ምልክት ጠየቅሁት። «ሰሞኑን ብልጭ ድርግም ትል ነበር፤ ከትናንት ወዲህ በርታ ቀርታለች» አለ። ይቺ መብራት ሞተር እየሠራ ከበራች መጀመሪያ የምትከሰው ዲናሞውን ወይም ወደሱ የሚሄደውን መስመር ነው። ባትሪ አርጅቶ ቢሆን ኖሮ ሞተር ከተነሳ በኋላ መብራቷ ትጠፋ ነበር።

ስለዚህ አጎቴን ለመንኩት። «ገንዘብህን ያዝ፤ መጀመሪያ ልለካው።» በዚህ ዘመን የባትሪ ዋጋ ቀላል አይደለም። ዲናሞው ካልሞላው ደግሞ አዲሱም ባትሪ በጥቂት ቀን ውስጥ እንደ አሮጌው ይሆናል።

ሞተሩ ቆሞ በቴስተር ስለካው ባትሪው ላይ 11.8 ቮልት አነበብኩ። የሞላ ባትሪ አርፎ ሲለካ 12.6 አካባቢ ነው። 12.2 ሲሆን ግማሽ ገደማ ቀርቶታል። 11.8 ባዶ ነው ማለት ይቻላል።

በባዶ ባትሪ ዲናሞ መፈተሽ አልወድም። ልኬቱ ሁሉ ያምታታል። ስለዚህ ባትሪውን አወጣሁት። መጀመሪያ ኔጌቲቩ፣ ቀጥሎ ፖዘቲቩ። ይህን ቅደም ተከተል የማይጠብቅ ሰው ብዙ ነው። ፖዘቲቩን ቀድመህ ስትፈታ መፍቻው የመኪናውን አካል ከነካ ብልጭታው እጅ ያቃጥላል፤ ባትሪው አጠገብ ጋዝ ካለም ሊፈነዳ ይችላል። ምሰሶዎቹ ላይ ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ተጋግሮ ነበር። በሙቅ ውሃና በሶዳ አጠብኩት።

ክዳኖቹን ስከፍት አንዳንዱ ቤት ውስጥ ውሃው ወርዶ ሳህኖቹ ጫፋቸው ይታያል። ሳህኑን እስኪሸፍን ብቻ የባትሪ ውሃ ጨመርኩ። ሙሉ ለሙሉ የሚሞላው ቻርጅ ካደረጉት በኋላ ነው፤ ቀድሞ ከሞላ ቻርጅ ሲደረግ አሲዱ ይገነፍላል። የቧንቧ ውሃ በጭራሽ። ውስጡ ያለው ማዕድን ሳህኑን ይጎዳል።

ባለ 70 ባትሪ ስለሆነ ቻርጀሩን 7 አምፒር ላይ አድርጌ ክዳኑን ከፍቼ፣ ነፋስ የሚገባበት በረንዳ ላይ አሳደርኩት። ቀስ ብሎ የሞላ ባትሪ ይሻላል። ልጆቹን ደግሞ እሳት ይዘው እንዳይጠጉ አስጠነቀቅሁ።

ማክሰኞ ጠዋት

የኅዳር ብርድ ማርቆስ ላይ ምን እንደሚመስል የኖረበት ያውቀዋል። ናፍጣ መኪና ደግሞ በብርድ ሁለት ዕዳ አለበት። ባትሪው በብርድ ጉልበቱ ይቀንሳል። በዚያው ሰዓት ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት የሚያሞቁት ካንዴላዎች ብዙ ከረንት ይጠይቃሉ፤ ሞተሪኖውም የወፈረ ዘይት ውስጥ ያለ ሞተር ማዞር አለበት። ከጮቄ ግርጌ የሚያድር መኪና ቆላ ከሚያድረው ቀድሞ የሚቸገረው በዚህ ነው። ዲናሞ በደንብ የማይሞላ ከሆነ ጉዱ የሚወጣው ጠዋት ነው።

ባትሪው ከቻርጀር ወርዶ ካረፈ በኋላ 12.7 አሳየ። ገጠምኩት። አጎቴ ቁልፉን ሲያዞር እኔ ቴስተሩን ምሰሶዎቹ ላይ ይዤ ቆምኩ። ሞተሪኖው ሲያዞር 10.4 ድረስ ወርዶ ተመለሰ። ከ9.6 በታች ካልወረደ ባትሪው ጤነኛ ነው ብዬ እወስዳለሁ። አጎቴ ፊቱ ፈካ። የአዲስ ባትሪ ወጪ ቀረለት።

ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ባትሪው ላይ 12.4። ነዳጅ ስሰጠው 12.4። ንቅንቅ የለም። የፊት መብራት ሲበራ 11.9፣ ከዚያም ቀስ እያለ ወደ ታች። የሚሠራ ዲናሞ ቢኖር 13.8 እስከ 14.5 መሆን ነበረበት። ዲናሞው ምንም እየሰጠ አይደለም።

በዚህ መሐል ጎረቤታችን መጣ። የድሮ ሾፌር ነው፤ እናከብረዋለን። «ምን ታስቸግራለህ፤ ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ ንቀለው። ከጠፋ ዲናሞው ሞቷል» አለ። «ጋሼ፣ ይቅርብን» አልኩት። ይህ ፈተና በአገሩ ሁሉ የተለመደ ነው፤ ብዙ ዲናሞም ገድሏል። ዲናሞው እየሞላ ሳለ ባትሪው በድንገት ሲነቀል ቮልቱ ለቅጽበት ይተኮሳል። የሚቀበለው የለም። ውስጡ ያሉት ዳዮዶች (ከረንትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉት) እና ቮልቱን የሚቆጣጠረው ረጉላተር በዚያች ቅጽበት ሊቃጠሉ ይችላሉ። ሌላው ነገር፣ ናፍጣ ሞተር እሳት የሚጭር ሻማ የለውም፤ የነዳጅ ፓምፑ ላይ ያለው በከረንት የሚከፈት መዝጊያ (ሶሌኖይድ) ትንሽ ከረንት ካገኘ መሥራቱን ይቀጥላል። ስለዚህ ሞተሩ አለመጥፋቱ ዲናሞው ደህና ነው ማለት አይደለም። በአዲሶቹ ኮምፒውተር ባላቸው መኪኖች ላይ ደግሞ ጉዳቱ ዲናሞ ላይ ብቻ አይቆምም። ቴስተር ብዙ ዋጋ የለውም፤ መኪና ያለው ሰው ሁሉ ቢኖረው ደስ ይለኛል።

ማክሰኞ ረፋድ

አሁን ከረንቱን መከተል ነው።

መጀመሪያ ቺንጋው፤ ዲናሞውን በፑሌጋው በኩል የሚያዞረው ቀበቶ። ጎኖቹ አብለጭልጨዋል፣ ውስጡ ተሰነጣጥቋል። መቀየር አለበት። ግን መብራት ሲበራም አይጮህም፣ ፑሌጋውን በደንብ ያዞረዋል። ተጠያቂው እሱ አይደለም።

ቀጥሎ ከዲናሞው ጀርባ የሚወጣው ወፍራም ገመድ። ሞተሩ እየሠራ የቴስተሩን ቀይ ዲናሞው ላይ ካለው ብሎን ጋር፣ ጥቁሩን ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ አደረግኩ። እዚህም 12.4። እዚህ 14 ወይም 15 አንብቤ ባትሪው ላይ 12 ቢሆን ኖሮ ዲናሞውን አልነካውም ነበር፤ በመሐል የተቃጠለ ዋና ፊውዝ ወይም የተበላ ገመድ እፈልግ ነበር። ሁለቱም ቦታ እኩል ከሆነ ግን ዲናሞው ራሱ አያመነጭም።

አያመነጭም ማለት ሞቷል ማለት አይደለም። ሮተሩ፣ ማለትም ውስጡ የሚዞረው ክፍል፣ ማግኔት እንዲሆን ከባትሪ ከረንት ማግኘት አለበት። ያን ካላገኘ ደህና ዲናሞም ዝም ብሎ ይዞራል። ጎኑ ላይ ሦስት ቀጫጭን ገመድ ያለው ሶኬት አለ። ነቀልኩትና ቁልፉን ከፍቼ ለካሁ። አንደኛው ሁልጊዜ ከባትሪ የሚመጣና ቮልቱን የሚያሳውቀው ነው፤ 12.5 አለው። ሁለተኛው ቁልፍ ሲከፈት የሚመጣው ነው፤ እሱም 12.5። ሦስተኛው የምልክት መብራቷ ነው፤ በቀጭን ሽቦ ከሞተሩ አካል ጋር ሳገናኘው ክሩስኮት ላይ መብራቷ በራች። ሦስቱም ጤነኞች ናቸው። ፊውዙም ደህና ነው ማለት ነው።

ሶኬቱን መለስኩና የማግኔቱን ፈተና ሠራሁ። ቁልፉ ክፍት፣ ሞተሩ የቆመ። በተለመደው ዲናሞ ካቻቢቴ ከኋላ ወዳለው ኩሽኔት ሲጠጋ ሮተሩ ይስበዋል። በዚህ መኪና ከኋላው ሌላ ነገር ተገጥሞበታል፤ ስለሱ ቆይቼ እጽፋለሁ። ስለዚህ ከፊት በፑሌጋው ዳዶ በኩል ሞከርኩ። ምንም አይስብም። ብረቱ ብረት ላይ እንዲሁ ይንሸራተታል። ከረንቱ ዲናሞው በር ድረስ ደርሷል፤ ሮተሩ ጋ ግን አልገባም። እንግዲህ ወይ ከረንቱን ለሚዞረው ሮተር የሚያቀብሉት ካርቦኖች፣ ወይ ረጉላተሩ፣ ወይ ሮተሩ ራሱ።

ማክሰኞ ከሰዓት

ወደ ዲናሞው ሆድ እጄን ስሰድድ ጣቴ በዘይት ረጠበ። ጥቁር፣ የሞተር ዘይት። ከዲናሞ ሥር ዘይት ምን ይሠራል?

በናፍጣ ሃይሉክስ ላይ የዲናሞው ጀርባ የቫክዩም (አየር የሚመጥ) ፓምፕ ተሸክሟል፤ የፍሬኑ ሰርቮ፣ ማለትም የእግርን ግፊት የሚያበረታው ክፍል፣ የሚሠራው በዚህ ቫክዩም ነው። ቤንዚን ሞተር ከመምጠጫው ቫክዩም ያገኛል፤ ናፍጣ ሞተር ግን ያንን አያገኝም። ስለዚህ ቶዮታ ፓምፕ ሠርቶ በዲናሞው ዘንግ እንዲዞር አደረገ። ፓምፑ ከሞተሩ በቀጭን ቱቦ ዘይት ያገኛል፣ በወፍራም ቱቦ ደግሞ ወደ ሞተሩ ይመልሳል። ዘይቱን ከዲናሞው ሆድ የሚያግደው በዘንጉ ዙሪያ ያለ ኦይል ሲል ነው። እሱ ሲያልቅ ዘይቱ ካርቦኖቹ ጋ ይደርሳል።

ጎረቤታችን ከሰዓት ተመልሶ መጥቶ ሌላ ሐሳብ አቀረበ። አሮጌ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ዘንድ የቤንዚን ቶዮታ ዲናሞ አለ፤ ርካሽ ነው፤ ፓምፕ የለውም ግን ይገጥማል። «የፓምፑን ቱቦ በብሎን ትደፍነዋለህ፤ ባትሪህን ይሞላልሃል።» አጎቴ ዋጋውን ሲሰማ ዓይኑ በራ።

እዚህ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው የተናገርኩት። ባትሪውን በእርግጥ ይሞላል። ሰርቮው ግን ቫክዩም የሚያገኝበት ያጣል። ሰርቮው ውስጥ ያለው ቫክዩም ለጥቂት እርግጫ ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል። አጎቴ በወር ውስጥ ጤፍ ጭኖ በደጀን አድርጎ አባይ በረሃ ሊወርድ ነው። ከደጀን እስከ ድልድዩ ያለውን ቁልቁለት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ታች ትወርዳለህ፣ ጠመዝማዛ ነው፣ ከፊትህ የጭነት መኪና አለ፣ እየወረድክ ሙቀቱ ይጨምራል። እዚያ ላይ በሁለት እግር ረግጠህ የማይቆም ፍሬን ይዞ መገኘት ማለት የራስንም የሌላውንም ሕይወት መድፈር ነው። አጎቴ ዝም ብሎ ሰማኝና «በል ያንኑ የራሷን ሥራው» አለኝ።

እንዲህ የተቀየሩ መኪኖች በመንገዳችን ላይ አሉ። ናፍጣ ሃይሉክስ ወይም ያረጀ ሚኒባስ የምትገዙ ሰዎች ኮፈን ስትከፍቱ የዲናሞውን ጀርባ እዩ። ፓምፕ ሊኖርበት የሚገባው ቦታ ላይ የተደፈነ ቱቦ ካገኛችሁ ፍሬኑን ሳትፈትሹ አትንዱት።

ረቡዕ

ዲናሞውን አወረድኩት። ኔጌቲቭ ተነቀለ፣ የቫክዩሙ ቱቦ ተነቀለ፣ የዘይት መግቢያው ብሎን ከነመዳብ ቀለበቶቹ ወጣ፣ የዘይት መመለሻው ቱቦ ተለቀቀ። የማስተካከያው ብሎን ዝጎ ስለነበር በፀረ ዝገት ዘይት አርሼ ጠበቅሁት። ቺንጋው ሲወጣ ፑሌጋውን በእጄ አዞርኩት፤ ኩሽኔቶቹ አሸዋ እንደገባባቸው ይንኮሻኮሻሉ። ከተከፈተ አይቀር እነሱም ይቀየራሉ።

ከጀርባው ፓምፑን ፈታሁ፣ ቀጥሎ የኋላ ክዳኑን፣ ከዚያ የካርቦን ማቀፊያውን የያዙትን ትናንሽ ብሎኖች።

ማቀፊያው ሲወጣ ያየሁትን በዝርዝር ልጻፍ፤ የችግሩ ልብ እሱ ነውና። ሁለቱ ካርቦኖች ከቤታቸው ብቅ ማለት አለባቸው። አንዱ ትንሽ ብቅ ብሏል። ሁለተኛው ጭራሽ አይታይም። ጥፍሬ ላይ ጥቁር ጭቃ ቀረ፤ የካርቦን ዱቄትና ዘይት ተቦክቶ የሆነ ነገር ነው። ጭቃው ካርቦኑን ቤቱ ውስጥ ለጥፎታል። ከጀርባው ያለው ስፕሪንግ ይገፋል፣ ካርቦኑ አይወጣም። በቀጭን እንጨት ስነካው በግድ ትንሽ ወጣ፤ ስለቀው ባለበት ቆመ። ሳይጣበቅ በፊት አንዴ እየነካ አንዴ እየለቀቀ መብራቷን ብልጭ ድርግም ያሰኛት እሱ ነው። ከተለጠፈ በኋላ መብራቷ በርታ ቀረች።

አዲስ ካርቦን ከማቀፊያው 10.5 ሚሊ ሜትር ይወጣል። ከ1.5 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ጊዜው አልፏል። የተለጠፈውን በግድ አውጥቼ ስለካው እንኳ ከዚያ ብዙ አይበልጥም። ዘይት ካርቦንን ያለሰልሰውና ቶሎ ይበላዋል።

ሌላውንም ፈተሽኩ። ካርቦኖቹ ከሚነኳቸው ሁለት የሮተር ቀለበቶች ከአንዱ ወደ ሌላው 3 ኦም አካባቢ፤ ጥሩ ነው። ከቀለበት ወደ ዘንጉ ምንም መገናኘት የለም፤ እሱም ጥሩ። የስታተሩ (በሮተሩ ዙሪያ የማይዞረው የሽቦ ጥቅል) ሦስት ጫፎች እርስ በርስ ይገናኛሉ፣ ከአካሉ ጋር አይገናኙም። ዳዮዶቹን አንድ በአንድ በቴስተሩ የዳዮድ ምልክት ለካሁ፤ ሁሉም በአንድ በኩል 0.5 ቮልት አካባቢ ያሳልፋሉ፣ በሌላው በኩል ይዘጋሉ። ማለትም «ሞቷል» የተባለው ዲናሞ የጎደለው ካርቦንና ንጽህና ነው። ቢጣል ኖሮ ደህና ሮተርና ደህና ስታተር አብሮ ይጣል ነበር።

ውስጡን በለስላሳ ብሩሽና በጥቂት ቤንዚን አጠብኩት፤ ውጭ ላይ፣ ከእሳት ርቄ። ከዚያ ፀሐይ ላይ ዘረጋሁት። የሮተሩን ቀለበቶች በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት እያዞርኩ አጸዳሁ። በአንድ ቦታ ቆሞ መፋቅ ቀለበቱን ያጎድጉደዋል፤ ሁልጊዜ እያዞሩ ነው።

ሐሙስ

ካርቦኑን የሚበይድልኝ ከተማ ውስጥ ያለ ሽማግሌ ኤሌክትሪሺያን ነው። እጁ ንጹሕ ነው። የድሮውን ሽቦ በትኩስ መበየጃ አላቆ አወጣው። የአዲሱን ካርቦን ሽቦ በስፕሪንጉ መሐል አሳልፎ በማቀፊያው ቀዳዳ አወጣ። ከዚያ ካርቦኑ የሚወጣውን ርዝመት በማስመሪያ ለክቶ፣ ያዘኝ አለኝ፣ በሊድ በየደው። ትርፉን ሽቦ ቆረጠ። በመጨረሻ ካርቦኑን በጣቱ ወደ ውስጥ ገፍቶ ለቀቀው። ቀጥ ብሎ ተመለሰ። «ሳይገጠም እንዲህ ካልዘለለ አትቀበል» አለኝ።

ከዚያ ዘይት የነካውን አሮጌ ካርቦን አገላብጦ አየና «ይሄን ቀይረህ ብቻ ብትገጥመው በቅርቡ ትመለስልኛለህ። ዘይቱ ከየት መጣ?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ሐሳቤ እዚያው ላይ ነበር። አንድ ዲናሞ ደጋግሞ ካርቦን የሚበላ ከሆነ ሌላ የሚያስበላው አለ።

ቤት ስመለስ የዘይት መመለሻውን ቱቦ አነሳሁ። ጎማው ደርቆ እንደ እንጨት ሆኗል። ማሰሪያው ከልክ በላይ ጠብቆ አንገቱን ጨምቆታል። በአንድ ጫፉ ስነፋ አየሩ በጭንቅ ያልፋል። በሽቦ ስፈትሽ የደረቀ የዘይት ዝቃጭ ወጣ። አሁን ነገሩ ገባኝ። ዘይት ወደ ፓምፑ በግፊት ይገባል፤ መመለሻው ከጠበበ መውጫ ያጣል፤ መውጫ ሲያጣ በኦይል ሲሉ በኩል ይገፋል። ሲሉም አርጅቶ ከንፈሩ ጠንክሯል። አዲስ ሲል ብቻ ብገጥምለት ቱቦው እንደገና ያሸንፈው ነበር።

ሞተሩ ራሱ በትንፋሽ መውጫው በኩል ብዙ ጭስ የሚገፋ ከሆነም ዘይቱ ለመመለስ ይቸገራል። የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍቼ ሞተሩ ሲሠራ ያየሁት ትንፋሽ ለዕድሜው ደህና ነው። እሱን ተውኩት።

ሲሉ ማርቆስ አልተገኘም። ባሕር ዳር ያለ ዘመድ ገዝቶ በሚኒባስ ላከልን፤ በዚያው ኩሽኔቶቹንም ቺንጋውንም። ለቱቦው ግን ተራ የውሃ ጎማ አልፈለግሁም። ዘይትና ሙቀት የሚችል፣ ውስጡ የድሮውን ያህል የሚሰፋ መሆን አለበት። የውሃ ጎማ በሞተር ዘይት ውስጥ ያብጣል፤ ያበጠው ደግሞ ከውስጥ ይጠባል፤ ያኔ ዞረን እዚያው ነን።

ዓርብ

ኩሽኔቶቹ ቶርኖ ቤት ተገጠሙ። ሲሉን ከንፈሩን በዘይት ቀብቼ ቀጥ አድርጌ አስገባሁ። ፓምፑን ከመግጠሜ በፊት ጥቂት ንጹሕ የሞተር ዘይት አፈሰስኩበት፤ የመጀመሪያዎቹን ሰከንዶች በደረቁ መዞር የለበትም። የዘይት መግቢያው የመዳብ ቀለበቶች አዲስ ናቸው። አዲሱ መመለሻ ቱቦ ሳይታጠፍ ወደ ታች እንዲወርድ አቅጣጫውን አስተካከልኩ።

ቺንጋው ተወጥሮ በአውራ ጣት ሲጫኑት ወደ አንድ ሴንቲ ሜትር ይላል። ከዚያ በላይ ማጥበቅ ኩሽኔቱን መግደል ነው።

ኔጌቲቭ ተመለሰ። ቁልፍ ተከፈተ፤ ቀይዋ በራች። ካቻቢቴው ወደ ፑሌጋው ሲጠጋ ሳበው። አጎቴ አስነሳ። ቀይዋ ጠፋች።

ባትሪው ላይ በሚኒሞ 14.0። ሁላችንም ደስ አለን። ግን ያ ያለ ጭነት ነው። የፊት መብራትና የማሞቂያውን ፋን አብርቼ ስለካ 13.3 ወረደ። ዲናሞው ላይ፣ ከብሎኑ ወደ ራሱ አካል ስለካ ደግሞ 14.2 ነው። ወደ 1 ቮልት የሚጠጋ መንገድ ላይ ጠፍቷል።

የት እንደጠፋ ለማወቅ ጭነቱ ሳይጠፋ መለካት ነው። ከዲናሞው ብሎን ወደ ባትሪው ፖዘቲቭ፦ 0.2። ይህ ይታለፋል። ከዲናሞው አካል ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ፦ 0.7። ችግሩ እዚህ ነው። ከሞተሩ አካል ወደ ባትሪው የሚመለሰው የማሳው ገመድ።

ረጉላተሩ ይህን ጉድለት ለምን አያስተካክለውም የሚል ይኖራል። የባትሪውን ፖዘቲቭ በዚያች ቀጭን ገመድ ያያል፤ የሚያወዳድረው ግን ከራሱ አካል ጋር ነው። ከአካሉ ወዲያ በኔጌቲቭ በኩል የሚጠፋውን አያየውም። እሱ ሥራዬን ጨርሻለሁ ብሎ ያምናል፤ ባትሪው ግን ጎድሎ ያድራል። በአገራችን ጭቃና አቧራ ብዙ «ባትሪ አይዝም» የተባለ መኪና በሽታው እዚህ ይመስለኛል።

ገመዱን ፈታሁት። ቀለበቱ ሥር ቀለምና ዝገት፣ ክሮቹ አረንጓዴ። ሻሲው ላይ ያረፈበትን ቦታ እስኪያበራ ፋቅሁ፣ አዲስ ወፍራም ገመድ በአዲስ ቀለበት አሰርኩ፣ ከላይ ዝገት እንዳይመለስ ግራሶ ቀባሁ። እንደገና በጭነት ለካሁ። ማሳው 0.1፣ ባትሪው 13.9።

ከዚያ ፍሬኑ። ሞተሩ ጠፍቶ ፔዳሉን ደጋግሜ ረገጥኩ፤ ጠነከረ። ረግጬ ይዤው አጎቴ ሞተሩን አስነሳ። ፔዳሉ ከእግሬ ሥር ትንሽ ሰመጠ። ፓምፑ ቫክዩም እየሠራ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ጥቂት ደቂቃ ከቆየ በኋላም የመጀመሪያው እርግጫ ለስላሳ ነበር፤ ቱቦውና መልስ የለሹ ቫልቭ አያስተነፍሱም። ይህ ፈተና መሣሪያ አይፈልግም፤ ናፍጣ የሚነዳ ሁሉ ረጅም ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት ሊሠራው ይችላል።

ቅዳሜ

ወደ ደጀን መንገድ በሉማሜ አድርገን ነዳናት፤ ቴስተሩን ከሲጋራ ማቀጣጠያው ጋር አገናኝቼ ጉልበቴ ላይ ይዤ። ሲነሳ 14.1፣ ሞተሩ ሲሞቅ 13.8። ረጉላተሩ ሲሞቅ ቮልቱን ትንሽ ይቀንሳል፤ እንዲያ ነው የተሠራው፣ አያስደነግጥም። ስንመለስ መሽቶ ነበር። መብራት በርቶ፣ ፋኑ እየሠራ፣ ፍሬን በተረገጠ ቁጥር 13.7 ድረስ ይወርድና ይመለሳል።

ግቢ ስንገባ የዲናሞውን ሆድ በነጭ ጨርቅ ጠረግሁት። ደረቅ ነው። አጎቴ ለሰኞ ወደ ሮብ ገበያ ሊወጣ ነው፤ የሞተር ዘይቱን ልክ እየተከታተለ፣ ዲናሞው ሥር ዘይት ካየ እንዲደውልልኝ ነግሬዋለሁ። አዲስ ቺንጋ በመጀመሪያው ሳምንት ይለጠጣል፤ ጭኖ ሲመለስ እንደገና አጠብቅለታለሁ። የፖዘቲቩ 0.2ም ያኔ ይታያል፤ ዋናው ፊውዝ ሥር ያለው ዳዶ ዝገት ይዟል፣ እሱን ፈትቼ አጸዳዋለሁ።